የጎደለው 2.8 ቮልት

ሐምሌ ላይ ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ። ከሜክሲኮ ወደ ተክለሃይማኖት እየነዳሁ ነው። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። አንድ ሰውዬ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው መሀል አስፋልት ላይ ቆመዋል። ያየኋቸው ሦስት ሜትር ሲቀረኝ ነው። ፍሬኑን ረገጥኩት፤ መኪናዋ ተንሸራታ ጉልበታቸው ሥር ደርሳ ቆመች። ሰውዬው በጃንጥላው እጀታ ኮፈኑን ኳ! አደረጉና "መብራት አብሪ እንጂ!" አሉኝ።

በርቷል እኮ።

መኪናዋ ቶዮታ ሂሉክስ ናት፤ በፈረንጆቹ የ1980 ሞዴል፣ ነጠላ ጋቢና፣ ሁለት ክብ ዓይን ያላት። ቀለሟ ቡላ ስለሆነ ቤት ውስጥ ስሟም ቡላ ነው። አባባ ከእህል በረንዳ ፒያሳ ወዳሉ ዳቦ ቤቶች ዱቄት ሲያመላልሱባት ኖረዋል። ዳቦ ቤቶቹ አብዛኞቹ አሁን ቦታቸው ላይ የሉም። ዱቄቱ ግን አለ፤ መቀመጫውን ስታነሱት ዛሬም ብን ይላል። የአባባን ዓይን ሞራ ከያዘው ወዲህ መሪው ወደ እኔ ዞረ። ሽጪያት የሚለኝ ሰው ብዙ ነበር። መንግሥት በ2016 ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ግን "ሽጪያት" የሚሉት ሰዎች "ለእኔ ሽጪልኝ" ማለት ጀምረዋል።

ለማንኛውም፣ ከባለ ጃንጥላው ሰውዬ በኋላ በነጋታው የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ስህተቴ እዚያ ነው የተፈጸመው። "የፊት መብራቴ ደክሟል" ስለው ባለ ሱቁ ልጅ ጥያቄም አልጠየቀኝ። አንድ የሚያብረቀርቅ ካርቶን ከመደርደሪያ አወረደ። "እህቴ፣ ይሄን ኤልኢዲ ግጠሚ፤ ሌሊቱ ቀን ይሆንልሻል።" ተከራክሬ በ2,500 ብር ገዛሁ። እዚያው በር ላይ ተገጠመ። የድሮው መብራት አምፖሉ የማይወጣ፣ መስተዋቱም ክሩም አንድ ላይ የታሸገ ዓይነት ነበር። ስለዚህ አምፖል የሚቀየርበት አዲስ ክብ መብራትም አብሬ መግዛት ነበረብኝ። ዲያሜትሩ ያው 7 ኢንች ነው፤ ቦታው ላይ ልክክ ይላል። ይሄ የድሮ መኪና አንዱ ጸጋ ነው። ዛሬ የሚሠሩት መኪኖች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቅርጽ ያለው መብራት አላቸው፤ አንዱ ሲሰበር ደመወዝ ይበላል።

ያን ዕለት ማታ ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ቸርችልን ወረድኩት። ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን። ኩራት ተሰማኝ። ከፊት የሚመጡ መኪኖች ረጅም መብራት ብልጭ ብልጭ ያደርጉልኛል። መጀመሪያ ሰላምታ መስሎኝ ነበር። ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ አንድ ወያላ በመስኮት ወጥቶ "እትዬ፣ ስታዲየም ነው እንዴ የምታበሪው?" ሲለኝ ነው የገባኝ። ደግሞ የሚገርመው ዋናው መንገድ ላይ ያ ሁሉ ብርሃን አያስፈልግም። ኮሪደር ልማቱ ያቆማቸው መብራቶች መንገዱን አጥለቅልቀውታል። ጨለማው የሚጀምረው ወደ ሰፈር ስትታጠፉ ነው።

ወደ ሰፈር ታጠፍኩ። አባባ በር ሊከፍቱልኝ ወጡ። ክንዳቸውን ዓይናቸው ላይ ጋርደው ቆሙ። "አጥፊው ልጄ! አጥፊው!" በግራ እጃቸው መወርወሪያውን ይዳብሳሉ። ለ30 ዓመት በጨለማ ሲከፍቱት የኖሩትን መወርወሪያ በዚያ ሁሉ ብርሃን አጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲሱ መብራት የተሠራለት፣ ኤች 4 የሚባለው አምፖል ሁለት ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ አንዱ ለአጭር፣ አንዱ ለረጅም መብራት። የአጭሩ ክር ሥር ማንኪያ የምታህል ትንሽ ብረት አለች። ወደ ላይ ሊያመልጥ የሚችለውን ብርሃን የምትከለክለው እሷ ናት። ከኋላው ያለው ማንጸባረቂያም፣ ከፊቱ ያለው ሸንተረር ሸንተረር መስተዋትም የተሠሩት ክሩ ያለበትን ቦታ በሚሊሜትር አስልተው ነው። ኤልኢዲው ክር የለውም፤ ወፍራም ብረት ላይ በግራና በቀኝ የተለጠፉ ቢጫ ነጥቦች ናቸው። የእኔዎቹ ላይ ብርሃኑ የሚነሳው ከሌላ ቦታ ነው። መስተዋቱ የሚያደርገው ሲጠፋው ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። ግማሹ የሰው ዓይን ውስጥ፣ ግማሹ ዛፍ ላይ። አፍንጫዬ ሥር ያለው አስፋልት ቦግ ብሏል፤ 40 ሜትር ራቅ ብሎ ያለው ሰው ግን ድሮም አይታይም፣ አሁንም አይታይም።

መልስልኝ ብዬ ብሄድ "የተገጠመ ዕቃ አይመለስም" ተባልኩ። ኤልኢዲዎቹ አሁን መሳቢያዬ ውስጥ "የማያገለግል ንብረት" ተብለው ተቀምጠዋል።

ከዚያ ነው ተክለሃይማኖት ጀርባ ወዳሉት የመኪና ኤሌትሪሺያን የሄድኩት። ስልሳዎቹን የተሻገሩ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። አምፖል አምጪ አላሉኝም። "ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ የሚደርሰውን እንይ" አሉና ሞተሩን አስነስተው መለኪያቸውን አወጡ። ባትሪው ላይ 14.1 ቮልት። የድሮውን መብራት መልሰው ሰኩና አብርተው እግሮቹ ላይ ለኩ፤ 11.3።

እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። 14.1 ወጪ ሆኖ 11.3 ገቢ ከሆነ መሀል ላይ የበላ አለ። ሐምሌ ደግሞ ለእኛ ዓመቱ ተዘግቶ ኦዲት የሚጀመርበት ወር ነው፤ ጉድለት ማሳደድ ላይ እጄ ሞቆ ነበር። "ጋሼ፣ አንድ በአንድ እንያዘው" አልኳቸው። እሳቸው እየለኩ እኔ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ፊውዝ ሳጥኑ ጋ 0.5። ኮፈኑ ሥር ያለው መጋጠሚያ 0.4። መሪው ሥር ያለው ማብሪያ 1.4። ኤሌትሪሺያኖቹ ማሳ የሚሉት፣ ከቦዲው ጋር የታሰረው ኔጋቲቭ፣ 0.5። ደመርኩት። 2.8። ሳንቲም አልጎደለም።

ትልቁ ሌባ ማብሪያው ነበር። ከፍተው ሲያሳዩኝ ውስጡ ያሉት የመዳብ ምላሶች ተቃጥለው ጠቁረዋል። 45 ዓመት ሙሉ የሁለቱ መብራት ኃይል በእነሱ ላይ አልፏል። ቮልቱ የወረደው 20 በመቶ ብቻ ነው፤ ትንሽ ይመስላል። የክር አምፖል ግን እንደዚያ አይቆጥርም። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል፤ በ20 በመቶ ሲወርድ ከግማሽ በታች ይሆናል። ሶማሌ ተራ ላይ ኤልኢዲ እምቢ ላለ ሰው ደግሞ 100 ዋት አምፖል ያቀርቡለታል። በዚህ ሽቦ ላይ 100 ዋት መስቀል እግሩ የቆሰለ ፈረስ ላይ ጭነት መጨመር ነው። ሽቦው ይግላል፤ ማብሪያውም ይቀልጣል።

መፍትሔው ሪሌ ነው፤ በትንሽ ኃይል የሚታዘዝ ሌላ ማብሪያ። አለቃዬ ቼክ ላይ ይፈርማል እንጂ ገንዘቡን በኪሱ ተሸክሞ አይዞርም። ሪሌም እንደዚያው ነው። ማብሪያው የሚያሳልፈው ፊርማውን ብቻ፣ ማለትም ከ1 አምፔር በጣም ያነሰ ኃይል ነው። ዋናው፣ ለሁለት ባለ 55 ዋት አምፖል የሚያስፈልገው 8 አምፔር ገደማ፣ ከባትሪው በራሱ ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ወደ መብራቱ ይሄዳል። ሁለት ሪሌ፤ አንድ ለአጭር፣ አንድ ለረጅም። ባትሪው አጠገብ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ። ፊውዙን አትርሱ። ሽቦ ቦዲ ነክቶ ሾርት ቢያደርግ ከእሳት የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ሥራውን ለረዳታቸው ሰጡት፤ ቀልጣፋ ልጅ ነው። በመጀመሪያ ቀኙን ብቻ አሰረ፤ ግራው በድሮው ሽቦ ላይ እንዳለ ነው። "ጨርሻለሁ፣ አብሪው" አለኝ። አበራሁ። ቀኙ ዝም። "አጥፊው።" አጠፋሁ። ቀኙ ቦግ አለ! እንደገና አበራሁ፤ ጠፋ። አጠፋሁ፤ በራ። ልጁ ሪሌውን ተበላሽቷል ብሎ ቀየረው። አዲሱም እንደዚያው። አንድ ሊስትሮ ሥራውን ትቶ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። "አስማት ነው" አለ።

ጋሼ ሻያቸውን አስቀምጠው መጡ። መሳቅ ጀመሩ። "የድሮ ቶዮታ ነዋ!"

በአብዛኛው መኪና ማብሪያው የሚቆጣጠረው ፖዘቲቩን ነው። በእነዚህ ግን ፖዘቲቩ ሁልጊዜ መብራቱ ጋ ደርሶ ይጠብቃል፤ ማብሪያው የሚያገናኘው ኔጋቲቩን ነው። ልጁ የሪሌውን አንድ እግር ከቦዲው፣ ሌላውን ከማብሪያው ሽቦ ጋር አስሮታል። ማብሪያው ሲጠፋ በግራው መብራት ክር በኩል ፖዘቲቭ ሾልኮ ይመጣና ሪሌውን ይቀሰቅሰዋል። ማብሪያው ሲበራ ሽቦው ኔጋቲቭ ይሆናል፤ ከኔጋቲቭ ጋር ኔጋቲቭ፣ ሪሌው ይተኛል። ጋሼ አንዷን እግር ከቦዲው ነቅለው ፖዘቲቩ ላይ ሰኩ። የሽቦ መበየጃውን ስታኞ አፈሰሱባት፣ ናስትሮ ጠቀለሉባት፣ አለቀ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። የድሮ ቶዮታ ያላችሁ ሰዎች፣ ኤሌትሪሺያናችሁ ወጣት ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ከሶማሌ ተራ የገዛሁትን መብራት ጋሼ አገላብጠው አዩትና መስተዋቱ ላይ በጥፍራቸው ነካ አደረጉ። ከጽሑፎቹ መሀል ትንሽ ቀስት አለች፤ ፊት ለፊት ለሚያያት ወደ ቀኝ ታመለክታለች። "ይሄ በግራ ለሚነዱ አገሮች ነው" አሉኝ። በእኛ አገር በቀኝ ነው የምንነዳው። እንደዚህ ያለ መብራት አጭሩም ቢሆን ወደ ግራ ከፍ ይላል፤ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ማለት ነው። ለካ የኤልኢዲው ጥፋት ብቻ አልነበረም። ተመልሼ ሄድኩና ቀስት የሌለበት ስጠኝ ስለው ባለ ሱቁ ልጅ ሳቀብኝ። ከዘጠኝ ካርቶን ውስጥ ሁለቱን አገኘሁ። ይሄኛውን፣ ልጨምር ስላልኩ ነው መሰለኝ፣ ቀየረልኝ።

የመጨረሻው ሥራ ማስተካከል ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳና ሜዳ የሆነ ወለል ይፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ሜዳ የሆነ 10 ሜትር ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያገኘሁት ሜክሲኮ፣ ቢሯችን ያለበት ሕንፃ ምድር ቤት ነው። የሌሊት ጥበቃው ሜትሩን ያዙልኝ። ከግድግዳው 10 ሜትር ራቅኩ። የመብራቱ መሀል ከወለሉ 74 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ግድግዳው ላይ በጠመኔ 64 ላይ አሰመርን፤ በ10 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከላይ ያለችው ብሎን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ከጎን ያለችው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ታስኬዳለች። የግራው የላይኛዋ ዝጋ አልዞር ብላ ሌሊቱን ናፍጣ ጠጥታ አድራለች፤ ስለዚህ በነጋታው ማታ ተመልሰን ጨረስን።

አብርቼ ወርጄ አየሁት። ብርሃኑ ጠመኔው መስመር ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ቆሟል። በቀኝ በኩል ብቻ እንደ ጣሪያ ተዳፋት ወደ ላይ ይወጣል። ጥበቃው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ቀኙ ተንጋዷል፤ አልተስተካከለም።"

"እንደዚያ ነው የሚፈለገው። ግራው ዝቅ ያለው ለሚመጣው መኪና ነው። ቀኙ ከፍ ያለው ዳር ዳር ለሚሄድ እግረኛ ነው።"

"ጃንጥላ ለያዘ" አሉ። ታሪኩን ነግሬያቸው ነበር።

አምፖሎቹ ተራ ኤች 4 ናቸው፤ 60 በ55 ዋት፣ ቢጫ ቢጫ የሚል ብርሃን። ጋሼ በመጨረሻ ሲለኩት 13.7 ቮልት ይደርሳል። 0.4 አሁንም ጎድሏል። ወደሚቀጥለው በጀት ዓመት አሸጋግሬዋለሁ።

ትናንት ማታ ካፊያ ነበር። ሰፈር ስደርስ ክላክስ አደረግኩ። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ። ብርሃኑ ወገባቸው ላይ ቆመ፤ ከዚያ በላይ አልሄደም። መወርወሪያውን አንዴ ሳቡት፤ በሩ ተከፈተ። በመስኮቱ በኩል ጠጋ ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ ዛሬ መብራት የለሽም እንዴ?"

"በርቷል እኮ፣ አባባ።"