ፕሪዝሟ ሥር የነበረችው ወረቀት

ባለ ሁለት ዓይን አሮጌ የናስ ማይክሮስኮፕ እጃችሁ ከገባ፣ ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የእኔው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እንግሊዝ የተሠራ፣ የዌንሃም ዓይነት የሚባለው ነው። ከነማሆጋኒ ሳጥኑ ገዛሁት፤ እናንተም ያለ ሳጥን አትግዙ። ለየዕቃው የተቦረቦሩት ማስቀመጫዎች ምን እንደጎደለ ወዲያው ይናገራሉ። ነፍሳት የሚያዙበት ወረንጦ፣ ብርሃን የሚሰበስበው ትልቁ ሌንስ ከነመቆሚያው፣ የውኃ ጠብታ የሚታይበት ባለ ክዳን የናስ ዕቃ፣ ሁሉም ነበሩ። የጎደለው አንድ ኦብጀክቲቭ ሌንስ፣ ማለትም ከሚታየው ነገር በላይ የሚገጠመው የታችኛው ሌንስ፣ ብቻ ነው። እሱም አላስቸገረኝም፤ የለንደኑ የማይክሮስኮፕ ማኅበር በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሌንሱ ተጠምዝዞ የሚገባበትን የብሎን ጥርስ አንድ ወጥ ስላደረገ፣ ማለትም ስፋቱ 0.8 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 36 ጥርስ፣ ከሌላ ሠሪ የመጣ ሌንስ ልክክ ብሎ ገጠመ።

የደረቀውን ቅባት አስለቅቄ አዲስ ቀባሁ፤ አንድ ቀን አልፈጀም። ናሱን ግን "ወልውለህ አብራው" የሚሏችሁን አትስሙ። ያ ወርቃማ መልክ የሼላክ ቫርኒሽ ነው፤ ሼላክ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። ሌንስን በአልኮል አጽዱ የሚለውን የተለመደ ምክርም ለእነዚህ መሣሪያዎች አልቀበለውም፤ አንዲት ጠብታ ወደ ናሱ ከወረደች ጠባሳ ትታ ትሄዳለች። በጥቂቱ የረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል።

አሁን እስከ ዛሬ ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ።

ፍራንሲስ ዌንሃም በ1860 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ያመጣው ዘዴ እንዲህ ነው። ከኦብጀክቲቩ በላይ፣ በናስ ተንሸራታች ላይ የተቀመጠች ትንሽ ፕሪዝም፣ ማለትም ብርሃን አቅጣጫ የምታስቀይር የመስታወት ቁራጭ፣ የብርሃኑን ግማሽ ትቀበልና ውስጧ ሁለት ጊዜ አንጸባርቃ ዘንበል ወዳለው ቱቦ ትልከዋለች። ሌላው ግማሽ በቀጥታው ቱቦ ይወጣል። ተንሸራታቹን ሲስቡት መሣሪያው ባለ አንድ ዓይን ይሆናል።

ፕሪዝሟ ላይ ስስ ጉም የመሰለ ነገር ነበረባት። ያማከርኩት ጠጋኝ "ሙሉ በሙሉ ካልፈታኸው አጸዳሁት አትበል" አለኝ፤ አመንኩት። ሁለቱን ጥቃቅን ብሎኖች ፈታሁ። ፎቶ አላነሳሁም፣ ምልክትም አላደረግሁም። ፕሪዝሟን ሳነሳት ከሥሯ ከጥፍር ቁራጭ የማትበልጥ፣ የጠየመች ወረቀት ወደቀች። ቆሻሻ መሰለችኝ። ጠርጌ ጣልኳት።

መልሼ ስገጥማት ፕሪዝሟ ጠርታለች፤ ምስሉ ግን ሁለት ሆነ። በቀጥታው ቱቦ መሃል ላይ ያለችው ነጥብ በዘንበላው ከፍ ብላ ትታያለች። ዓይኔ እስኪያነባ ታገልኩ። ቱቦዎቹን ስቤ ከዓይኖቼ ርቀት ጋር አስማማሁ፤ ያ ግን የጎን ርቀትን እንጂ ከፍና ዝቅን አያቃናም። ኦብጀክቲቩን ቀየርኩ። ብሎኖቹን አጠበቅሁ፣ የአንዱ ራስ ተበላ። ያቺ ወረቀት ትዝ ያለችኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ፕሪዝሟን በልኳ የያዘቻት ድጋፍ እሷ ነበረች! ጠጋኙ ባይመክረኝ እላለሁ፤ ግን የጣለቻት የእኔ እጅ ናት።

ከዚያ ስስ ወረቀት እየቆረጥኩ አንድ ድርብ፣ ሁለት ድርብ፣ በወዲህ ጠርዝ፣ በወዲያ ጠርዝ ሞከርኩ። መስታወት ላይ የመስቀል ምልክት ጭሬ ዓይኖቼን በየተራ እየጨፈንኩ እለካለሁ፤ ካልገጠመ እንደገና መፍታት። በ11ኛው ሙከራ ሁለቱ ምስሎች ተዋሐዱ። በ2 ኢንች ሌንስ (ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ የበለጠ ያጎላል) የቢራቢሮ ክንፍ ጥልቀት ኖሮት ይታያል፤ በ1 ኢንቹ ግን ዛሬም ዓይኔን ይወጥረዋል። ከዚያ በላይ በሚያጎሉ ሌንሶች የእይታው ከፊል ቢጨልም አትደንግጡ፤ የዘዴው ጠባይ ነው፣ ፕሪዝሟን ስባችሁ በአንድ ዓይን እዩ።

ጉም ያላት ፕሪዝም ከተዛነፈች ጥርት ያለች ፕሪዝም ሺህ ጊዜ ትሻላለች። ከመቀመጫዋ አታንሷት፤ እንዳለች በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጓት። የግድ ከሆነ ፎቶ አንሱ፣ ጠርዟን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ የወደቀውን ሁሉ አቧራ ቢመስል እንኳ በፖስታ አስቀምጡ።

እኔም በሳጥኑ መሳቢያ ውስጥ፣ ከእኔ ቀጥሎ ለሚፈታው ሰው፣ "ፕሪዝሟ ሥር ሁለት ድርብ ወረቀት አለ፤ አትጣለው" ብዬ ጽፌ አስቀምጫለሁ።