ውድድሩ ካለቀ በኋላ ሎጉን አትንኩት

በአማተር ሬዲዮ ውድድር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ከቻላችሁት ያህል ብዙ ጣቢያ ጋር ትገናኛላችሁ፤ የግንኙነቶቹ መዝገብ «ሎግ» ይባላል። ዝግጅቱ አያስቸግርም። 100 ዋት የሚያወጣ ሬዲዮ፣ ለ20፣ ለ15 እና ለ10 ሜትር ሞገድ ዳይፖል (ቀላል የሽቦ አንቴና)፣ ላፕቶፕ ላይ ኤን1ኤምኤም የተባለው የሎግ ፕሮግራም ካለ ይበቃል። ሲኪው ወርልድ ዋይድ በተባለው ዓለም አቀፍ ውድድር ለ48 ሰዓት የሲግናል ሪፖርትና (ምን ያህል ጥርት ብሎ እንደሚሰማ) የዞን ቁጥር (ዓለም የተከፋፈለችበት የአካባቢ ቁጥር) ትለዋወጣላችሁ፤ የኢትዮጵያ ዞን 37 ነው። የሌላ አህጉር ጣቢያ 3 ነጥብ ያስገኛል። ሎጉ በ5 ቀን ውስጥ ይላካል።

የደንቡ ቀዳዳ እነዚህ 5 ቀናት ናቸው። ውድድሩ ካበቃ በኋላ የጥሪ ምልክትን (የጣቢያውን መለያ ፊደላትና ቁጥር) ከኢንተርኔት መዝገብ፣ ከድምፅ ቅጂ ወይም በኢሜይል ጠይቆ ማረም ክልክል ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያርመውን ግን ማን ያየዋል? እኔም ስሙን በማልጠቅሰው ውድድር አረምኩ። መጨረሻው «ዴልታ» (የዲ ፊደል መጠሪያ) ብዬ የጻፍኩት ምልክት መዝገቡ ላይ አልነበረም፤ በ«ብራቮ» (ቢ) የሚያልቅ ግን ነበር። ቀየርኩት። ጆሮዬ ግን ትክክል ነበር። ሰውየው ፈቃዱን ያወጣው በቅርቡ ስለሆነ መዝገቡ አላወቀውም። እንዲህ ያለው ስህተት በወርልድ ዋይድ ደንብ 3ቱን ነጥብ ያሰርዛል፣ በላዩም እጥፉን፣ 6 ነጥብ ያስቀጣል። እኔ የገባሁበት ውድድርም ቅጣቱ ያው ነበር።

ከዚህ የባሰው የተጠራጠርኩትን ሌላ መስመር ጨርሶ መሰረዜ ነው። ታማኝነት መስሎኝ ነበር። አዘጋጆቹ የሁለቱን ወገን ሎግ ያመሳክራሉ። የወዲያኛው ጣቢያ በትክክል መዝግቦኛል፤ ከእኔ ሎግ ስለጠፋ ግን «ሎግ ውስጥ የለም» ተብሎ እሱ ተቀጣ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ነጥቡን መልሱለት ብዬ ለአዘጋጆቹ ጻፍኩ። «ውጤቱ የመጨረሻ ነው» የሚል አንድ መስመር መለሱልኝ። እስካሁን ያናድደኛል። ማድረግ የነበረብኝ በካብሪሎ ፋይሉ (ለአዘጋጆቹ በሚላከው የሎግ ፋይል) ውስጥ የመስመሩን መነሻ ከ«ኪውኤስኦ» (ግንኙነት) ወደ «ኤክስ-ኪውኤስኦ» መቀየር ብቻ ነበር። ለእናንተ ነጥብ አይታሰብም፣ የሌላው ሎግ ግን ይመሳከርበታል።

«ሎጋችሁን ደጋግማችሁ አይታችሁ ላኩ» የሚለውን ምክር አልቀበለውም። ከተጠራጠራችሁ እዚያው አየር ላይ «ድገምልኝ» በሉ፤ 10 ሰከንድ ብታባክኑ ይሻላል። ውድድሩ ሲያልቅ የራሳችሁን ምልክት፣ የኃይል መጠኑንና ምድቡን ብቻ አረጋግጣችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላኩ።

ምድቡ ላይም ተጠንቀቁ። የክላስተር (ማን በየትኛው ሞገድ ላይ እንዳለ በኢንተርኔት የሚነግር አገልግሎት) መስኮት ለአፍታም ከተከፈተ «ያለ እገዛ» ማለት አይቻልም። የኢንተርኔት ገመዱን ካልነቀላችሁ «በእገዛ» ብላችሁ ግቡ።