«የማን ነው?»

ድርሰት የሚነበብበት ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። አዲስ ጽሑፍ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ፣ ማንም ገጽ ሳይገልጥ በፊት «የማን ነው?» ይባላል። መልሱ እንደተሰማ ፊት ይፈታል፣ ወይም ይኮሳተራል። ገና አንድ መስመር አልተነበበም፤ ፍርዱ ግን ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ የእንግሊዛዊው ኮሜዲያን የሮኒ ባርከር የሥራ ገጠመኝ ነው። ለባልደረቦቼ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ዛሬ ደግሞ ለእናንተ ልንገር። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ባርከር በ1929 ቤድፎርድ ተወልዶ ኦክስፎርድ ያደገ ሰው ነው። ባንክ ቤት ተቀጥሮ ነበር። በ1948 ባንኩን ትቶ ኤይልስበሪ ውስጥ ቲያትር የሚያሳይ ቡድን ተቀላቀለ። ከዚያ ሬዲዮ፣ ከዚያም ቴሌቪዥን መጣ። በ1966 ዴቪድ ፍሮስት በሚመራው የቢቢሲ ፕሮግራም ላይ ከኮሜዲያኖቹ ከጆን ክሊዝና ከሮኒ ኮርቤት ጋር ይሠራ ጀመር። ሦስቱ በቁመት ተራ ተሰልፈው በእንግሊዝ የመደብ ልዩነት የቀለዱበት ጭውውት ዛሬም ይታያል።

በ1968 ፍሮስት አዲስ ወደተከፈተው ለንደን ዊክኤንድ ቴሌቪዥን ሲሻገር ሁለቱ ሮኒዎች አብረውት ሄዱ። ፕሮግራሙ በየእሁዱ የሚተላለፍ ስለሆነ ጭውውት ቶሎ ቶሎ ያስፈልጋል። ባርከር ደግሞ መጻፍ ይፈልጋል። ችግሩ እሱ የፕሮግራሙ ኮከብ ነው። ጽሑፍ ይዞ ቢመጣ ማን ደፍሮ «ይሄ አያስቅም» ይለዋል? ይስቁለታል፣ ይቀበሉታል፣ ይቀረጻል። ጽሑፉ ጥሩ ይሁን መጥፎ ግን በጭራሽ አያውቅም።

ስለዚህ ጄራልድ ዋይሊ የሚባል ሰው ፈጠረ። «ወኪሌ ፒተር ኢድ አንድ ጥሩ ጸሐፊ አግኝቷል» ብሎ የዋይሊን ጭውውቶች ለአዘጋጆቹ ያመጣ ጀመር። ጽሑፎቹ ተወደዱ። ተቀረጹ፤ ሌላም ይምጣ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ዋይሊን በዓይኑ ያየው የለም። ግምቱ ደራ፤ የታወቁ የእንግሊዝ ጸሐፌ ተውኔቶች ስም ይጠራል። አንዱ ቶም ስቶፓርድ ነው ይላል፣ ሌላው አላን ቤኔት። ኖዌል ካዋርድ ሊሆን ይችላል ያለም ነበር። ባርከር ከመሃላቸው ተቀምጦ ይሰማል። እንዳይነቃበት ሲል አልፎ አልፎ «ይሄኛው ደከም ብሏል» እያለ የገዛ ጽሑፉን ይተቻል። እንዲያውም ሐኪም ዘንድ ተራ ስለሚጠብቁ ሰዎች የተጻፈችውን ጭውውት ኮርቤት በጣም ወዷት ስለነበር መብቷን እንዲገዛ የመከረው ራሱ ባርከር ነው። በወኪሉ በኩል የመጣው ዋጋ 3,000 ፓውንድ ነበር። ኮርቤት ዋጋው በዛብኝ አለ። ቆይቶ ዋይሊ ጭውውቷን በነፃ ሰጠው። ኮርቤትም ለምስጋና የዋይሊ ስም መጀመሪያ ፊደላት የተቀረጹባቸው የክሪስታል ብርጭቆዎች ላከለት። ስጦታው የደረሰው አብሮት መድረክ ላይ ለሚቆመው ጓደኛው ነው!

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ዋይሊ፣ አፉን ሳያንቀሳቅስ አሻንጉሊት ስለሚያናግር ሰው ጭውውት ጻፈ። ስቱዲዮ የነበረው ታዳሚ አልሳቀም። ሠራተኞቹ ምን አሉ መሰላችሁ? ጽሑፉ ደካማ ነው አላሉም። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ በደንብ አልሠራነውም ብለው አሰቡ። ዋይሊ መጥፎ ይጽፋል ብሎ ማሰብ አቅቷቸዋል።

ልብ በሉ። ባርከር ስሙን የደበቀው ጽሑፉ ያለ ስም እንዲመዘን ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን የሌለው ሰው ስም ራሱ ከባድ ሆነ። ማንም የማያውቀው ዋይሊ ልክ እንደ ባርከር የማይነካ ሆኖ አረፈው። በእኔ እምነት ከታሪኩ ሁሉ ለሥራ ቦታ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው፤ አብዛኛው ሰው ሲያወራው ግን ይዘለዋል።

ይህንን ታሪክ ሰምቶ የወደደ አንድ አለቃ ነበረን። ጽሑፎች የጸሐፊው ስም ተሰርዞ በቁጥር እንዲነበቡ አዘዘ። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ጸጥ አልን። ብዕር የሚነካካ፣ ገጹን ወደ ኋላ የሚያገላብጥ፣ ስልኩን የሚያይ። «እከሌ መቼም ይችልበታል» ማለት ሲቀር የምንለው ጠፋን። ቀስ በቀስ ግን ሰው ስለ ጽሑፉ ራሱ መናገር ጀመረ። የዚህ ሰውዬ ንግግር ረዘመ፤ ይቺ ልጅ ለምን እንደተቆጣች አልገባኝም፤ ሦስተኛው ትዕይንት ቢቀርስ? ደስ የሚል ጊዜ ነበር። ግን ብዙም አልቆየ። አንዱ «ቁጥር አራት የእከሌ አጻጻፍ ነው» አለ፣ ሌላው ተቀበለው፣ ከዚያ ወዲያ ስብሰባው እንቆቅልሽ መፍቻ ሆነ። ለንደን ላይ ስቶፓርድ ነው፣ ካዋርድ ነው ሲሉ እንደነበሩት ማለት ነው። ቁጥር አራት በቁጥር አራትነቱ መነበቡ ቀረ። ያም ሆኖ እነዚያን የመጀመሪያዎቹን ስብሰባዎች በምንም አልለውጣቸውም። አንድ ጸሐፊ ስለ ጽሑፉ እውነተኛ ነገር የሚሰማበት አጋጣሚ ስንት ጊዜ ይገኛል?

ወደ ባርከር ልመለስ። በመጨረሻ ዋይሊ የፕሮግራሙን ሰዎች ከስቱዲዮው ፊት ለፊት ባለ የቻይና ምግብ ቤት ጋበዛቸው። ዛሬ ሰውየውን እናያለን ብለው ሁሉም መጡ። ባርከር ተነሣና ዋይሊ እኔ ነኝ አለ። መጀመሪያ ማንም አላመነውም። እኔ ግን አልፈርድባቸውም፤ ያን ያህል ጊዜ አብሯቸው ሲያማ የነበረው እሱ ነው።

ከ1971 እስከ 1987 ከኮርቤት ጋር በቢቢሲ ያቀረቡት «ዘ ቱ ሮኒስ» እንግሊዝን ቁጭ አድርጎ ያሳየ ፕሮግራም ሆነ። የእስር ቤቱ ኮሜዲ «ፖሪጅ»ም በ1974 ጀመረ፤ እዚያ ላይ ግን የሌሎችን ድርሰት ነው የተጫወተው። በ1976 የቀረበችው፣ የዕቃ መደብር ሻጭና ደንበኛ አልግባባ ብለው የሚንገላቱባት ጭውውት እንግሊዞች ዛሬም በቃላቸው የሚያወርዷት ናት። የጻፋት ዋይሊ ነው። ማንነቱ ከታወቀ ዓመታት አልፈዋል፤ ባርከር ግን በዚያው ስም መጻፉን አልተወም።

በ58 ዓመቱ፣ ስሙ በገነነበት ሰዓት፣ ትወናን አቁሞ ቺፒንግ ኖርተን በምትባል ትንሽ ከተማ የጥንት ዕቃ መሸጫ ከፈተ። የመጨረሻው ተከታታይ ኮሜዲው «ክላረንስ» በ1988 ተላለፈ። ጸሐፊው «ቦብ ፌሪስ» ይላል። እሱም ባርከር ነው።