ቀይ ክር የታሰረበት ጀሪካን

በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ የሚለቀቀው ረቡዕና ቅዳሜ ሌሊት ነው። የምንኖረው በኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ ግፊቱ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ይደክማል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ቧንቧው አየር ብቻ ሲያፏጭ ይቆይና፣ ከቀናን፣ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ጎህ እስኪቀድ ድረስ ወደ በርሜሉ ይወርዳል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ማፏጨቱም ቀርቷል። ስለዚህ ባለቤቴና እኔ ታች ከተተከለው የጋራ ሮቶ ወረፋ እየጠበቅን፣ 20 ሊትር የሚይዙትን ቢጫ ጀሪካኖች በቀን አራት እየቀዳን በደረጃው እናወጣለን።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት እናቴ ከወንበሯ ለመነሳት ስትሞክር ላብ አጠመቃት፤ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ልጄንም በእኔ ስም ጠራቻት። ተደጋግፈን ወደ ጤና ተቋም ወሰድናት። ነርሷ ጣቷን ወግታ ስትለካ የደም ስኳሯ 48 ሆኖ፣ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። «እማማ፣ ክኒኑን የወሰዱት ቁርስ በልተው ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴም ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «አዎ ልጄ፣ በልቻለሁ» አለች።

አልበላችም ነበር። እሑድ ማታ ሊጥ የሚቦካበት ውሃ ስላልነበረ ለጠዋት የቀረው ሁለት ዳቦ ብቻ ነው፤ እሱንም ልጆቹ ይዘውት ወደ ትምህርት ቤት ሄደዋል። ለእኔ የነገረችኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምትጾም ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወሩ የጾም ወር አለመሆኑን፣ ዕለቱም ረቡዕ ወይም ዓርብ አለመሆኑን እያወቅሁ አልጠየቅኋትም። ጾም በእኛ ቤት የተከበረ ነገር በመሆኑ፣ ምግብ ለሌሎች ለመተው የፈለገ ትልቅ ሰው ከኋላው ሊሸሸግበት እንደሚችል አስቤም አላውቅም ነበር። «ጠግቤያለሁ» ያለ ሰው ይለመናል፤ «እጾማለሁ» ያለውን ግን ማንም አይጫነውም።

እናቴ ለስኳር ሕመሟ የምትወስደው ግሊቤንክላሚድ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያስገድድ መድኃኒት ነው፤ የወሰደው ሰው በልቶ ይሁን በባዶ ሆዱ ለይቶ አያውቅም። ማዕዱ ሲቀር ስኳርን ዝቅ ማድረጉን ይቀጥላል፤ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ አደጋው የባሰ ነው። ነርሷ ይህን እያስረዳችን የደም ግፊቷንም ለካችው፤ ከፍ ብሎ ተገኘ። ያኔ ሁለተኛው ነገር ወጣ። ለግፊቷ የታዘዘላት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ስለሚያበዛባት፣ ውሃ በሌለበት ቀን አትወስደውም ነበር። «መጸዳጃውን በምን ውሃ ልልቀቅበት? እናንተ ከታች ተሸክማችሁ ያወጣችሁትን እኔ እየደፋሁ ልዋል?» አለችኝ፣ ነርሷ እንዳትሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ከሰዓት በኋላ ውሃ መጠጣትም ትታ ኖሯል። የሽንት ምርመራው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንዳለባት አሳየ፤ ውሃ ሳይጠጣና ሽንቱን ይዞ ለሚውል ሰው ይህ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ነርሷ ነገረችን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወጥ ቤታችንን በሌላ ዓይን ማየት ጀምሬአለሁ። ውሃ ሲጠፋ ከማዕዳችን መጀመሪያ የሚጠፋው ጎመን ነው፤ አሸዋው እስኪለቅ ድረስ ሦስት ጊዜ መታጠብ ስላለበት ማንም አይደፍረውም። ቀጥሎ ተዘፍዝፎና ብዙ ተቀቅሎ የሚበስለው ባቄላና ሽንብራ ይቀራል። እንጀራ ከሱቅ መግዛት እንጀምራለን፤ የተገዛ እንጀራ ቤት ከሚጋገረው ስለሚወደድ ቁጥሩ ይቀንሳል። በጋሪ ለሚያመጡልን ልጆች የምንከፍለው የውሃ ዋጋም የሚወጣው ከሌላ ሳይሆን ከአስቤዛው ብር ነው። በመጨረሻ የሚቀረው ዳቦ በሻይ ሲሆን፣ ሻዩ ደግሞ ረሃብ እንዲያስታግስ ተብሎ ስኳሩ ይበዛል። ለስኳር ታማሚ ከዚህ የከፋ ገበታ አላውቅም፤ አንድ ቀን ስኳሯ ወርዶ ሌላ ቀን የሚሰቀለውም ለዚህ ይመስለኛል።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የምግብ ዋስትና እጦትን የሚለካው በስምንት ጥያቄዎች ነው። የውሃውን እጦት ለመለካትም ተመራማሪዎች ያለፉትን አራት ሳምንታት የሚመለከቱ 12 ጥያቄዎች አዘጋጅተዋል፤ ስለ መጨነቅ፣ ስለ መናደድ፣ ተጠምቶ ስለ መተኛት፣ ስለ ማፈር ይጠይቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ በውሃ ችግር ምክንያት የምትመገቡትን ቀይራችኋል ወይ የሚል ነው። ማክሰኞ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ አንድ በአንድ መለስኳቸው። ተጠምቶ መተኛት የሚለው ጋ ስደርስ ለራሴ «የለም» ካልሁ በኋላ፣ ስለ እናቴ ግን እንዲያ ማለት እንደማልችል ገባኝ። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 የተካሄደ አንድ ጥናትም፣ የምግብ እጦቱና የውሃው መጠን ተለይተው ከተሰሉ በኋላ እንኳ የውሃ ዋስትና ማጣት ከሴቶቹ የአእምሮ ጭንቀት ጋር ተያይዞ እንደተገኘ አንብቤአለሁ። ቧንቧውን ስጠብቅ ነቅቼ በማድርባቸው ሌሊቶች ማግሥት በልጆቹ ላይ የምጮኸው ጩኸት የእኔ እንዳልሆነ ሁልጊዜ ይሰማኝ ነበር።

ሒሳቡንም ሠራሁት። አራት ጀሪካን 80 ሊትር ነው፤ ለአምስት ሰው ሲካፈል ለአንዳችን 16 ሊትር ይደርሰናል። በአደጋ ጊዜ ለተፈናቀሉ ሰዎች የሚታሰበው ዝቅተኛ መስፈርት በቀን 15 ሊትር ነው፤ ለመደበኛ ኑሮ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ሊትር ያስፈልጋል ይባላል። እርግጥ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከከሸፈባቸውና ከብቶቻቸው ካለቁባቸው የቦረና ሰዎች ጋር ራሴን ማወዳደር ነውር ነው፤ እኛ ዘንድ ውሃው አራት ፎቅ ወርዶ ይገኛል። ነገር ግን ያ 80 ሊትር 80 ኪሎ ነው፤ ከሌሎቹ ነገሮች ሁሉ በፊት ይህን ያወቀው ወገቤ ነው።

ረቡዕ ዕለት ከጀሪካኖቹ አንዱን ለይቼ እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰርሁበት። የእናቴ ነው፤ ለመጠጧ፣ ለመድኃኒቷና ለመጸዳጃዋ ብቻ የሚሆን፤ ማንም እንዳይነካው ለልጆቹም አስጠነቀቅሁ። ቁርሷንም እኔ እያየሁ እንድትበላ ተስማማን፤ እየተቆጣች ቢሆንም ትበላለች።

ዛሬ ማታ ከሥራ ስመለስ ጀሪካኑን አነሳሁት፤ ቀለለኝ። ሳሎን ገባሁ። የሁለቱ ልጆች የትምህርት ቤት ሸሚዞች አንገታቸው በሳሙና ተፈትጎ፣ ነጭ ሆነው፣ መስኮቱ ላይ ተሰጥተው ውሃ ያንጠባጥባሉ፤ ከሥራቸው ጠብታውን የሚቀበል ባልዲ ተቀምጧል። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና፣ «እኔ እንደሆነ ዛሬ አልጠማኝም» አለች።