ኤልቪስ፣ ቦዊ እና የገና ጨዋታ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ሽንኩርት እየከተፋችሁ በአንድ ዓይናችሁ ለምታነቡኝም፣ ዛሬም ሥራ ገብታችሁ በእረፍት ሰዓት ስልካችሁን ለከፈታችሁም ሰላምታዬ እኩል ይድረሳችሁ።

ባሕር ማዶ ያለን ሰዎች የገና ዘፈን ጣጣ አለብን። እኔ ባለሁበት አሜሪካ ሬዲዮው የገና ዘፈን የሚጀምረው ኅዳር ላይ ነው። እኛ ጾም ይዘናል፣ ሱፐርማርኬቱ ይጨፍራል። ታኅሣሥ 16 የእነሱ በዓል ይውልና በማግስቱ ሁሉም ጭጭ ይላል። የእኛ ገና ሲደርስ ዛፋቸው መንገድ ዳር ተጥሎ የቆሻሻ መኪና ይጠብቃል። እኔ ዘፈኖቹን ለታኅሣሥ 29 ማስቀመጥ ከጀመርኩ ቆየሁ። ሁሉንም አይደለም፤ አብዛኞቹ ስኳር በዝቶባቸዋል። የማስቀምጠው ሮከሮቹ፣ ማለትም የሮክ ሙዚቀኞቹ፣ የዘፈኗቸውን ነው። ዘንድሮ ስለ እነሱ ላውራችሁ። (ዓመቶቹን፣ ከዓመት ጋር የጠራኋቸውን ወሮችና ቀኖችም፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ለምን ሮከሮቹን? ጸጉሩን ያሳደገ፣ ጊታር የሚሰብር፣ ወላጅ «ልጄን አበላሸብኝ» እያለ የሚረግመው ሰው ታኅሣሥ ሲመጣ የአያቶቹን ዘፈን ይዞ ብቅ ሲል ደስ ይለኛል። የእኛው የገና ጨዋታ ትዝ ይለኛል። ዱላና ሩር ተይዞ ሜዳ ሲወጣ ሎሌ ከጌታው ጋር ይጋፋል፣ በግጥምም ይሸነቁጠዋል። ጌታው ቢከፋውም መሳቅ አለበት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዚህ ነው። ሮከሮቹም የታላላቆቻቸውን ዘፈን ይዘው ሜዳ የወጡ ልጆች ናቸው። ለእኔ የታሪኩ ጣዕም ያለው ጌታው ሲቆጣና ሳይቆጣ ምን እንደሚሆን ማየቱ ላይ ነው።

አንዱ ጌታ በጣም ተቆጥቷል። ኧርቪንግ በርሊን ይባላል። የ«ዋይት ክሪስማስ» ግጥምና ዜማ የእሱ ነው። ከሩሲያ ግዛት የተሰደዱ አይሁዳውያን ልጅ ሲሆን ኒው ዮርክ የገባው በ1893፣ በ5 ዓመቱ ነው። አዎ፣ በዓለም ላይ በጣም የተሸጠውን የገና ዘፈን የጻፈው ገናን የማያከብር ቤት ያደገ ሰው ነው። ዘፋኙ ቢንግ ክሮዝቢ በ1942 ሲያወጣው አገሩ ጦርነት ላይ ነበር። ከቤታቸው የራቁት ወታደሮች የራሳቸው አደረጉት። ዛሬ የክሮዝቢ ቅጂ ብቻውን 50 ሚሊዮን ያህል እንደተሸጠ ይገመታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ዘፈኑ ከአዝማቹ በፊት መግቢያ እንዳለው ነው። መግቢያው ላይ ዘፋኙ ያለው ቤቨርሊ ሂልስ ነው፤ ፀሐይ ወጥታለች፣ ዘንባባው ይወዛወዛል፣ ልቡ ግን በረዶ ያለበት አገር ነው። አብዛኞቹ አዝማሪዎች ይህን ቆርጠው ስለሚጥሉት ዘፈኑ የስደተኛ ዘፈን መሆኑ ተረስቷል።

በርሊን ሌላም የሚያሳምም ነገር ነበረው። አንድ ወር ያልሞላው ወንድ ልጁ የሞተው በ1928 በገና ዕለት ነው።

በ1957 ኤልቪስ ፕሪስሊ የ22 ዓመት ልጅ ሆኖ የገና አልበም አወጣ። ዳሌውን ሲያወዛውዝ ቴሌቪዥን ከወገቡ በታች አላሳይም ያለው ያ ኤልቪስ! «ዋይት ክሪስማስ»ንም ዘፈነው፣ ድሪፍተርስ የተባሉት ጥቁር አሜሪካውያን በ1954 በቀየሱት መንገድ። በርሊን ሲሰማው ዘፈኑ የተዋረደ መሰለው። ከቢሮው ለሬዲዮ ጣቢያዎች እየተደወለ እንዳያጫውቱት ተጠየቁ። አብዛኛው የአሜሪካ ጣቢያ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አልበሙም በአገሩ ታሪክ በብዛት ከተሸጡት የገና አልበሞች አናት ላይ ተቀመጠ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የኤልቪስ «ዋይት ክሪስማስ» እኔንም ብዙ አይነካኝም። የአልበሙ ልብ «ብሉ ክሪስማስ» ነው። «ያለ አንቺ ገናዬ ጨለማ ነው» የሚል ተራ የፍቅር ዘፈን ነው። ኤልቪስ መቅዳት አልፈለገም ነበር። ከኋላው የምትቀበለው ሚሊ ኪርካም ኋላ እንደተረከችው፣ ኩባንያው እንዳያወጣው እስኪያስቀይም ድረስ ቀልዱበት ብሎ ነበር። እሷም በቀጭን ድምጿ «ዉ ዉ ዉ» እያለች አዝማቹ ሥር ገባች። ቀልድ የነበረው ነገር የዘፈኑ መለያ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ያ «ዉ ዉ» ከሌለ ዘፈኑ ያለ ሚጥሚጣ ክትፎ ነው።

ያልተቆጣው ጌታ ደግሞ ራሱ ክሮዝቢ ነው። በመስከረም 1977 ለንደን አጠገብ ኤልስትሪ በሚባለው ስቱዲዮ የቴሌቪዥን የገና ፕሮግራም ይቀርጽ ነበር። 74 ዓመቱ ነው። እንግዳ ሆኖ የመጣው የ30 ዓመቱ እንግሊዛዊ ሮከር ዴቪድ ቦዊ ነው፤ ጸጉሩን ቀይ ቀብቶ፣ ፊቱን ተኳኩሎ፣ ራሱን ከሌላ ፕላኔት የመጣሁ ነኝ ሲል የኖረ ሰው። ለምን እንደሄደ ኋላ ሲጠየቅ፣ እናቴ ክሮዝቢን ስለምትወደው ነው ብሏል። ይሄን ምክንያት እወድለታለሁ። ለእናት ተብሎ የማይኬድበት የለም።

«ሊትል ድረመር ቦይ»ን ዝፈን ሲሉት ግን እምቢ አለ። ዘፈኑን አልወደውም፣ ሌላ የለም ወይ? አለ። አዘጋጆቹ ደነገጡ። ሦስት ሰዎች ሕንፃው ምድር ቤት ያገኙት ፒያኖ ላይ ተቀምጠው ከአንድ ሰዓት በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ አዲስ ዜማና ግጥም ሠሩ፣ «ፒስ ኦን ኧርዝ» የሚል። ክሮዝቢ አሮጌውን ይዞ ይሄዳል፣ ቦዊ አዲሱን ከላይ ይደርብበታል። ጥቂት ተለማመዱና ተቀረጸ። ቪዲዮውን ያላያችሁ እዩት። ሁለቱ ፒያኖ ተደግፈው የሚያወሩት ነገር ተጽፎ የተሰጣቸው መሆኑ ያስታውቃል፤ ቀልዱ ደረቅ ነው። መዝፈን ሲጀምሩ ግን አዛውንቱ በጥልቅ ድምፁ መሬቱን ይይዝለታል፣ ልጁ ከላይ ይበራል። ሽማግሌው «ይሄ ምን ለብሷል?» አላለም። በወሩ ገደማ፣ በፈረንጆቹ ጥቅምት 14፣ ክሮዝቢ ስፔን ውስጥ ጎልፍ ተጫውቶ እንደጨረሰ ወድቆ ሞተ። ፕሮግራሙ የተላለፈው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ዘፈኑ በሸክላ የወጣው ደግሞ በ1982 ሲሆን እንግሊዝ ውስጥ 3ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ።

በነገራችን ላይ ኤልቪስም ቦዊም የተወለዱት ጃንዋሪ 8 ነው፣ አንዱ በ1935 ሌላው በ1947። በእኛ ሲሰላ ታኅሣሥ 30፣ የገና ማግስት። ምንም ትርጉም የለውም፤ ግን ዶሮው ተበልቶ ሲያልቅ ለሚወራ ወሬ ይሆናል።

ጨዋታ ካላችሁ አሜሪካዊውን ሮከር ብሩስ ስፕሪንግስቲንን አትለፉት። በታኅሣሥ 1975 ሎንግ አይላንድ ላይ ያለ ኮሌጅ ውስጥ የ1934ቱን «ሳንታ ክሎዝ ኢዝ ካሚን ቱ ታውን» መድረክ ላይ ዘፈነ። ከመጀመሩ በፊት ባንዱን እንደ አስተማሪ ይመረምራል፤ ዘንድሮ ጨዋ ነበራችሁ? ተለማምዳችኋል? ሳክስፎን ተጫዋቹ ክላረንስ ክሌመንስ በወፍራም ድምፁ ሆ ሆ ሲል ስፕሪንግስቲን ሳቁን መያዝ ያቅተዋል፣ ሳቁም ከነግጥሙ ተቀድቷል። የሮሊንግ ስቶንስ ባንዱ ጊታር ተጫዋች ኪት ሪቻርድስም ቢሆን በ1978 በስሙ ብቻ ያወጣው የመጀመሪያው ነጠላ ዜማ የቸክ ቤሪ የገና ዘፈን ነው። ብሬንዳ ሊ ደግሞ «ሮኪን አራውንድ ዘ ክሪስማስ ትሪ»ን በ1958 ስትቀዳ 13 ዓመቷ ነበር። በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነው ከ65 ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2023 ነው። ያኔ 78 ዓመቷ። ትዕግሥት ማለት እንዲህ ነው።

የቢትልሱ ጆን ሌነን ላይ ግን እንቆይ። «ሃፒ ክሪስማስ፣ ዋር ኢዝ ኦቨር» በጥቅምት 1971 ኒው ዮርክ ውስጥ ተቀዳ፣ ከሃርለም በመጡ ሕፃናት መዘምራን አጃቢነት። ጊዜው የቬትናም ጦርነት ነው። ሁሉም ሰው አዝማቹን ያውቀዋል። እኔን የሚይዘኝ ግን ከሙዚቃው በፊት ያለው ሹክሹክታ ነው። ሚስቱ ዮኮ ኦኖ ለኪዮኮ፣ ሌነን ለጁሊያን መልካም ገና ይላሉ። ልጆቻቸው ናቸው። ኪዮኮን አባቷ ይዟት ተሰውሯል፣ ጁሊያን እንግሊዝ አገር ከእናቱ ጋር ነው። ብዙ ሰው የተቃውሞ ዘፈን ነው ይለዋል፤ ነውም። ለእኔ ግን መጀመሪያ ልጁ አጠገቡ የሌለ ወላጅ ዘፈን ነው። ቤይሩት ወይም ጅዳ ሆናችሁ ልጃችሁ እናታችሁ ጋር የሚያድግ እህቶቼ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ መጀመሪያዋን ሰከንድ ስሙልኝ።

አሁን ወደ ማይቀረው ዘፈን። በእኛ 1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት፣ ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈውን ፊልም አይቶ አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ከሙዚቀኛው ሚጅ ዩር ጋር «ዱ ዘይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ» የሚለውን ጻፈ። ኅዳር 25 ቀን 1984 የእንግሊዝና የአየርላንድ ኮከቦች ለንደን ኖቲንግ ሂል ውስጥ ተሰብስበው ቀዱት። አምስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ሰበሰበ። ያ ገንዘብ እህልና መድኃኒት ሆኗል። ከኪሱ አውጥቶ ሸክላውን የገዛ የማንቸስተር ልጅ ምስጋናዬን አልነፍገውም።

ዘፈኑን ግን አልወደውም። ርእሱ «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ላሊበላም ወሎ ውስጥ ነበረች። በየዓመቱ በገና ካህናቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» የሚያሸበሽቡበት ላሊበላ! ወንዝ አይፈስበትም ይላል ደግሞ፤ ተከዜ የሚነሳው እዚያው ላስታ ተራራ ላይ ነው። ዝናብ ጠፍቶ ነበር፣ ጦርነትም ነበር፤ ገና ግን አልጠፋም። ታኅሣሥ 29 ቀን 1977 ዓ.ም. ላስታ ልደትን ስታከብር ዘፈኑ እንግሊዝ ውስጥ ገና አንደኛ ላይ ተቀምጦ ነበር። የዩቱ ባንዱ ዘፋኝ ቦኖ የሚዘፍናት ስንኝ ደግሞ አለች፤ አንተ ሳትሆን እነሱ በመሆናቸው ፈጣሪን አመስግን የምትል። ሲዘፍናት ይጮኻል፣ ቁጣ አለበት፣ ነገሩ ይገባኛል። ግን የገና ጨዋታ ሕግ ታናሹ ታላቁን እንዲሸነቁጥ ነው የሚፈቅደው። የጠገበው የተራበውን ሲሆን ጨዋታው ይፈርሳል። እዚህ ላይ ጌታው ሳልሆንም እቆጣለሁ።

የሚገርመው፣ በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ላይ የነበረው ዋም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ የዘፈነው «ላስት ክሪስማስ» ነው። የዋሙ ዘፋኝ ጆርጅ ማይክል ሁለቱም ላይ ዘፍኗል። ዋሞች የራሳቸውን ዘፈን ገቢም ለኢትዮጵያ ረሃብ ሰጡ። ስለ አፍሪካ አንድ ቃል የሌለው፣ ስለ ተሰበረ ልብ ብቻ የሚያወራ ዘፈን ለወገኖቼ ስንዴ ገዝቷል። ሮክ አይደለም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም በእኔ ቤት ይዘፈናል።

የሁሉም ቁንጮ ግን ፖግስ የተባለው ባንድ የዘፈነው «ፌሪቴል ኦፍ ኒው ዮርክ» ነው። 1987። ገና ዋዜማ ላይ በስካር የታሰረ አየርላንዳዊ ስደተኛ ይጀምራል፤ ከዚያ እሱና ሴትየዋ ባልተሳካ ሕይወታቸው ይሰዳደባሉ። ስድቡ የገና ሜዳ ስድብ ነው፣ ግጥም ያለው። ሼን ማክጋወን ያጉረመርማል፣ ከርስቲ ማኮል ትመልስለታለች፣ አዝማቹ ላይ ሁለቱም አንድ ደወል ይሰማሉ። እንግሊዝ ውስጥ ሁለተኛ ሆኖ ቀረ፤ የቀደሙት ፔት ሾፕ ቦይስ የተባሉት ሁለት እንግሊዛውያን ኤልቪስ የሚታወቅበትን ዘፈን ዳግም ዘፍነው ነው። ኤልቪስ የሌለበት ቦታ የለም! ማኮል በ2000 ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ሜክሲኮ ውስጥ አረፈች። ማክጋወን ራሱ የተወለደው በገና ዕለት፣ በ1957 ነው። ኅዳር 30 ቀን 2023 ሞተ። አየርላንድ ውስጥ ኒና በምትባለው ከተማ ቤተ ክርስቲያን ቀብሩ ሲፈጸም ይህ ዘፈን ተዘፈነ፣ ሐዘንተኛው ከመቀመጫው ተነስቶ መሠዊያው ፊት ጨፈረ። ለቅሶ ላይ ሙሾ ለለመድነው ነገሩ እንግዳ ይመስላል፤ ግን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ሙሾም ነው።

የእኔ ቤት ፕሮግራም እንዲህ ነው። ዋዜማው የማሕሌት ነው፣ ስለዚህ ሌሊቱን ሙዚቃ የለም። ቀን ዶሮው ከቀረበ በኋላ ስፕሪንግስቲን ይቀድማል፣ ልጆቹ ይዝለሉበት። ቡናው ሲፈላ ቦዊና ክሮዝቢ። ሁለተኛው ላይ ኤልቪስ፣ በረካው ላይ ሌነን። ማክጋወንን ግን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው የምከፍተው። እንግሊዝኛ ይሰማሉ።

መልካም በዓል!