ታች ብቻ የተቀባ ግድግዳ

ዛሬ ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙም ያልራቀ ለሽያጭ የቀረበ ቤት ሲታይ ደላላው ስለ ሴራሚኩ ያወራል፤ ገዢዋም ሳሎኑን ወዳዋለች። ግድግዳው ግን ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ነው! በሐይቁ ዳር ባሉ ዝቅተኛ ቦታዎች የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነው፤ መሠረቱ ላይ እርጥበት መከላከያ ካልተደረገ ውሃው በብሎኬቱ ውስጥ ወደ ላይ ይሳባል። ቀለም ለጥቂት ጊዜ ይሸፍነዋል እንጂ አያደርቀውም። ልስኑን በጣታችሁ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከግድግዳው ለቋል ማለት ነው። ቁምሳጥኑን አስነስታችሁ ከኋላው እዩ። ቀለም ቀቢ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም፤ ነጭ ጨው መሰል ዱቄትና የሻጋታ ሽታ የሚገኘውም እዚያው ነው። ከተቻለ ቤቱን ዝናብ በዘነበ ማግስት ተመልከቱ፣ ሻጩ ቢያስቸኩላችሁም።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ፀጉር የቀጠነ የልስን ስንጥቅ ብዙም አያሳስብም። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድና ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋ ከሆነ ግን መሠረቱ ሰጥሞ ሊሆን ይችላል፤ መሐንዲስ ሳያየው ቀብድ አትክፈሉ። ካርታው ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም ከደላላው አፍ ሳይሆን ከማዘጋጃ ቤት አጣሩ።