ሀገር ስጪኝ

ከትናንት ማታ ጀምሮ ልቤ ቅር እንዳለው ነው። ምክንያቱን ብጠየቅ በክረምቱ አሳብብ ነበር፤ ጅማ ሰማይዋን ዘግታ ከሰነበተች ቆየች፣ ልብስ አይደርቅም፣ ልጅ ደጅ አይወጣም። እውነተኛው ምክንያት ግን እንግዶቹ ሳይሆኑ አይቀሩም። ለቡና እንደተቀመጥን ከመካከላቸው አንዱ ትንሿን ጠርተው «እስቲ ሀ ሁ በይ» አሏት፤ እርሷም እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ እንደ መዝሙር አንበለበለችላቸው፣ ተጨበጨበላት፣ እኔም የጎበዝ ልጅ እናት ተብዬ ተመሰገንሁ።

እኔ ግን ጉዷን አውቃለሁ። «መ»ን ለብቻው ጽፌ ባሳያት ከ«ሀ» ተነሥታ፣ «ለ»ን እና «ሐ»ን አልፋ ካልሆነ በቀር አትደርስበትም። ሠላሳ ሦስቱን ከነሰባት ድምፃቸው፣ በድምሩ 231 ፊደል፣ በቃሏ ብትወጣቸው እንኳ የያዘችው ዜማውን ነው። ቁጥሩም እንዲሁ ነው፤ እስከ ሃያ ያለ ስሕተት ትቆጥራለች፣ ረከቦት ላይ ያሉትን ስኒዎች ቁጠሪ ስትባል ግን ጣቷ ከአፏ ይቀድምና አንዱን ስኒ ሁለት ጊዜ ነክታ ሌላውን ትዘለዋለች። «ታዲያ ስንት ናቸው?» ሲሏት መልስ በመስጠት ፈንታ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች፤ መጨረሻ ላይ የጠራችው ቁጥር የሁሉም ስኒዎች ብዛት መሆኑ ገና አልተገለጠላትም። የአራት ዓመት ልጅ ስለሆነች ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ አንደኛ ክፍል እስክትገባ ሦስት ዓመት ይቀራታል። ነገር ግን ያችኑ ልጅ «ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ስኒ አስቀምጪ» በሏት፤ ፊት ለፊት እየተመለከተች፣ «ይሄ የአያቴ፣ ይሄ የአክስቴ» እያለች ስታድል አንድም ሰው አይቀርባትም፣ አንድም ስኒ አይተርፋትም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በምን ቅደም ተከተል እንደሚመጡም ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፤ ለመጫወት የሚፈቀድላት ከበረካ በኋላ ስለሆነ ራሷ ደርሳበታለች። ከጎረቤታችን ግቢ ስትመለስ ደግሞ በረንዳው ላይ ያለውን ጫማ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያለች ትደረድራለች፤ ሦስት በየትኛውም አፍ ቢጠራ ያው ሦስት መሆኑን መረዳቷ ለእኔ ከሀ ሁው ይበልጥብኛል።

እናቴ ሰፌድ ላይ ቡና ስትለቅም ልጅቱን አጠገቧ ታስቀምጣታለች። ጥቁሩ ወደዚህ፣ ስባሪው ወደዚያ፣ ነቀዝ የበሳውም ለብቻው ይለያል። ያች ትንሽ እጅ አንዷን ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥራ ስታነሣ፣ ወደ ብርሃኑ አዙራ ቀዳዳ ስትፈልግ፣ ነገ እርሳስ የሚይዙት ጣቶች እነዚሁ እንደሆኑ አስባለሁ። እናቴ ግን ይህን ትምህርት ብላ አትጠራውም፤ «ዓይኗ ደኅና ነው» ብቻ ትላለች።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥሁና ጥያቄ ማዥጎድጎድ ጀመርሁ። ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው? ስንት ጥቁር አገኘሽ? የትኛው ይበዛል? ጥቂት ታግሣኝ ቀና ብላ አየችኝና «አንቺ አታውቂውም እንዴ?» አለችኝ።

አውቀዋለሁ። ችግሩም እርሱ ነው። ትልቅ ሰው ልጅን ከሚጠይቀው ውስጥ ምን ያህሉ መልሱን ለማግኘት ፈልጎ የሚጠይቀው እንደሆነ ሳስብ ቀኑ መሸብኝ። ገበያ ውስጥ ሻጯን «ስንት ነው?» የምላት ስለማላውቅ ነው፤ ልጄን የምጠይቃት ግን ለመፈተን ነው፣ እርሷም ፈተና መሆኑን ታሽትተዋለች።

እንቆቅልሽም እኮ ጠያቂው መልሱን እያወቀ የሚጠይቀው ነው፤ ሆኖም ማንም ልጅ «አታውቂውም እንዴ?» ብሎ አይቀየምበትም። ልዩነቱ ከሕጉ የመጣ ይመስለኛል። በእንቆቅልሽ አላውቅም ማለት አያሳፍርም፣ ሀገር ያስከፍላል እንጂ፤ ከከፈሉ በኋላ ደግሞ መልሱ ይነገራል፣ ተራውም ይለወጣል። እናቴ «ሦስት እግር አለው፣ አይሄድም» ስትላት ልጅቱ ሁለቱን ፍንጮች በአንድ ጊዜ በአእምሮዋ ይዛ ቤቱን በዓይኗ ስታስስ ቆየች፤ መልሱ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለው፣ ራሷ የተቀመጠችበት የጅማ በርጩማ ነበር። አቃታትና «ሀገር ስጪኝ» ተባለች። ጅሬንን ሰጠች፤ አያቷ ቤተ መንግሥቱ ለአባ ጅፋር ይሁን፣ አልፈልግም አለች። ሂርማታን ሰጠች፤ የገበያው ግርግር አይሆነኝም ተባለች። በመጨረሻ አክስቷ የምትኖርባትን አጋሮን፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ እያዘነች አስረከበች። ያን ያህል የቦታ ስም ታውቃለች ብዬ አልገምትም ነበር፤ «የምታውቂያቸውን ከተሞች ንገሪኝ» ብዬ ብጠይቃት ኖሮ አንድ እንኳ አትነግረኝም።

ይህን ሁሉ ከተፈላሰፍሁ በኋላ ግን ሌላ ጭንቀት ገባኝ። እንቆቅልሹ አእምሮዋን እንደሚያሠራ አውቄ፣ ለዚያ ብዬ ከጠየቅኋት፣ ያው ፈተናውን ልብስ ቀይሬ ማምጣቴ አይደለምን? እናቴ ደስ ስላላት ነው የምትጠይቃት። እኔ ደስታውን ከዓላማው መለየት እችል ይሆን?

ለማንኛውም ተራው የእርሷ ሆነና እኔን ጠየቀችኝ። «ሰማያዊ ነው፣ ጭራ አለው፣ ዝናብ አይወድም።» ድመት ብላት «ድመት ሰማያዊ ናት እንዴ?» ብላ በንቀት አየችኝ። ሰቃን ሰጠኋት፣ ሊሙን ጨመርሁ፣ አልበቃትም፤ አዲስ አበባን ካስረከብኋት በኋላ መልሱን ስጠይቅ «ነገ እነግርሻለሁ» ብላ ተኛች። እናቴ መልሱን ራሷም አታውቀውም ትላለች። እኔ ግን ይኸው እኩለ ሌሊት ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ ሀገር አልባ ሆኜ፣ ሰማያዊና ባለ ጭራ የሆነ ነገር በወረቀት ላይ እየዘረዘርሁ ነው።